ከጀርባ ያሉ መተግበሪያዎችን መዝጋት ስልክን ያፈጥናል ወይስ ያዘገያል?

የአዳማዋ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:20

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ቁርጡን ማወቅ ፈልጌ ነው። ስልኬ 3 ጊጋባይት ራም (መተግበሪያ ሲከፈት የሚቀመጥበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) እና 32 ጊጋባይት ማከማቻ ያለው አንድሮይድ ነው። ከገዛሁት ዓመታት ስላለፉ አሁን አሁን በጣም ይንቀራፈፋል፤ የስልክ ማውጫውን ስከፍት እንኳ ስሞቹ እስኪመጡ ቆሜ እጠብቃለሁ። መሥሪያ ቤት አጠገቤ የምትቀመጠው ባልደረባዬ በቅርብ የተከፈቱት መተግበሪያዎች ዝርዝር ላይ ያለውን «ሁሉንም አጽዳ» የሚለውን በየደቂቃው ሳትጫን አትውልም፤ የእኔ ስልክ የሚዘገየው ይህን ባለማድረጌ እንደሆነ ትነግረኛለች። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ኮምፒውተር ሳይንስ ያጠናል፤ እሱ «በፍጹም እንዳትነኪው፣ ይብስበታል» ይላል። ሁለቱም እርግጠኞች ናቸው።

ሌላም አለ። በባንክ መተግበሪያ ገንዘብ ልልክ ስል በአጭር መልእክት የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር ለማየት ወጥቼ ስመለስ መተግበሪያው እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ቁጥሩም ከንቱ ይቀራል። ይህስ ከዚህ ጉዳይ ጋር ይገናኛል? የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን ጭምር ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል። «አድርጊ» ወይም «አታድርጊ» ብቻ አይበቃኝም።

ሁልጊዜ_ንጹሕ | ከምሽቱ 1:34

ባልደረባሽ ልክ ናት። እኔ ስልኬን ከኪሴ ባወጣሁ ቁጥር መጀመሪያ የማደርገው ያንን ነው። ከማጽዳቴ በፊት ነፃው ራም ከአንድ ጊጋባይት በታች ነበር፣ ካጸዳሁ በኋላ እጥፍ ሆነ ብሎ ስልኩ ራሱ ይነግረኛል። ሃያ መተግበሪያ ተከፍቶ እያለ ስልክ ሊፈጥን አይችልም። ኮምፒውተርም እንደዚያው ነው፤ ብዙ ፕሮግራም ሲከፈት ይዘገያል።

ኮድ_ጸሐፊ | ከምሽቱ 2:15

የምተዳደረው የአንድሮይድ መተግበሪያ በመሥራት ስለሆነ ምክንያቱን ላስረዳሽ፤ ትንሽ ይረዝማል።

መጀመሪያ ያ ዝርዝር ምን እንደሆነ እንለይ። ጣትሽን ከታች ወደ ላይ ስታንሸራትቺ ተደርድረው የሚመጡት ሥዕሎች በቅርቡ የከፈትሻቸው ነገሮች ታሪክ ናቸው። ማረጋገጥ ከፈለግሽ ስልክሽን አጥፍተሽ አብሪውና ዝርዝሩን ክፈቺ። በብዙ ስልኮች ላይ ከማጥፋትሽ በፊት የተጠቀምሽባቸው አሁንም እዚያው ተደርድረው ታገኛቸዋለሽ። ስልኩ ግን ገና መነሣቱ ነው፤ አብዛኞቹ ራም ውስጥ ጨርሶ አልገቡም። ስለዚህ «ሃያ መተግበሪያ ተከፍቷል» የሚለው አነጋገር ከመነሻው ልክ አይደለም። ከሃያው ምናልባት አምስቱ ወይም ስድስቱ ራም ውስጥ አሉ፤ የቀሩት ሥዕል ብቻ ናቸው።

ራም ውስጥ ያሉትስ? ከአንድ መተግበሪያ ስትወጪ አንድሮይድ ያንን መተግበሪያ «መሸጎጫ» በሚባል ደረጃ ያስቀምጠዋል። ቦታ ይዟል፤ ነገር ግን ሥራ የለውም። ከአንድሮይድ 11 ወዲህ በብዙ ስልኮች ላይ ሲስተሙ እንዲህ ያለውን መተግበሪያ ፈጽሞ ያግደዋል፤ ፕሮሰሰሩ ለቅጽበት እንኳ ተራ አይሰጠውም። በአንድሮይድ 14 ላይ ደግሞ እገዳው ከበፊቱ የበለጠ ጥብቅ ሆኗል። እንዲህ ታስሮ የተቀመጠ መተግበሪያ ስልክሽን የሚያዘገይበት እጅም እግርም የለውም።

አዲስ የምትከፍቺው መተግበሪያ ቦታ ሲያጣ የሚያስለቅቀው ሲስተሙ ነው። ለዚህ ተብሎ የተቀመጠ አንድ ሂደት አለ፤ ለእያንዳንዱ መተግበሪያ የአስፈላጊነት ደረጃ እየሰጠ ይከታተላል። ፊት ለፊትሽ ያለው ከሁሉ በላይ ነው፤ ቀጥሎ ሙዚቃ የሚያሰማ ወይም መንገድ የሚመራ፣ ከዚያ ወዲህ ቀደም ብሎ የነበርሽበት፣ ከሁሉ በታች ደግሞ ከተነካ ብዙ የቆየው። ቦታ ሲጠብ ከታች ጀምሮ ያስወጣል። አንቺ በጣትሽ የምታደርጊውን እሱ በየሰከንዱ ያደርገዋል፤ ደግሞም የትኛው ምን ያህል ቦታ እንደያዘ ቆጥሮ ነው።

አሁን ወደ ጉዳቱ ልምጣ። ራም ውስጥ የቆየን መተግበሪያ መልሶ መክፈትና የተዘጋን መተግበሪያ ከዜሮ መጀመር እጅግ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ሁለተኛው አዲስ ሂደት ይፈጥራል፣ ፋይሎችን ከማከማቻው ያነባል፣ ገጹን ከባዶ ይሠራል፣ ብዙ ጊዜም ከኢንተርኔት እንደገና ያወርዳል። በቀን ደጋግመሽ የምትገቢበትን ቴሌግራም በወጣሽ ቁጥር መዝጋት ምጣዱን አሙቆ ከእያንዳንዱ እንጀራ በኋላ እሳቱን እንደ ማጥፋት ነው። ማገዶው የሚያልቀው በዚያ ነው። ባትሪሽም እንዲሁ፤ ራም ሞላም ጎደለም የሚወስደው ኃይል ያው ነው፣ ከባዶ መጀመር ግን ፕሮሰሰሩን ያሠራዋል።

ይህ የእኔ የግል አስተያየት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 አካባቢ አንድሮይድ ላይ ሌሎች መተግበሪያዎችን የሚገድሉ መተግበሪያዎች በጣም ተወዳጅ ነበሩ። በ2010 የወጣው አንድሮይድ 2.2 አቅማቸውን ቀነሰው። በ2023 የወጣው አንድሮይድ 14 ደግሞ መንገዱን ጭራሽ ዘጋው፤ አንድ መተግበሪያ ሌሎችን ለማስወጣት ይጠቀምበት በነበረው ትእዛዝ ማስወጣት የሚችለው የራሱን ሂደት ብቻ ሆነ።

ሁልጊዜ_ንጹሕ | ከምሽቱ 2:41

ጥሩ ነው፣ ትምህርቱን አከብራለሁ። ግን እኔ በዓይኔ የማየውን ነገር ማን ይከራከረኛል? ጨዋታ ተጫውቼ ስወጣ ስልኬ ይንቀጠቀጣል፣ ጽሑፍ ስጽፍ ፊደሉ ዘግይቶ ይመጣል። «ሁሉንም አጽዳ» ስለው በዚያው ቅጽበት ይስተካከላል። ይህን ከምናቤ አላመጣሁትም። ደግሞ ኮምፒውተሩን አልመለስክልኝም።

ኮድ_ጸሐፊ | ከምሽቱ 3:05

ከምናብህ አላመጣኸውም፤ የምታየው እውነት ነው። ምክንያቱን ልንገርህ።

በትንሽ ራም ላይ ከባድ ጨዋታ ሲከፈት ሲስተሙ ቦታ ለማግኘት ሁለት ነገር ያደርጋል፤ አንዱ መተግበሪያ ማስወጣት ነው፣ ሌላው ራም ውስጥ ያለውን ነገር አጥብቆ ማጨቅ ነው። ማጨቁና መልሶ መዘርጋቱ ፕሮሰሰር ይበላል። ከጨዋታው ወጥተህ ወዲያው መጻፍ ስትጀምር ስልኩ ገና በዚህ ሥራ ተጠምዷል። ጨዋታውን ስትዘጋ የያዘው ሰፊ ቦታ በአንድ ጊዜ ይለቀቃልና እፎይ ይላል። ስለዚህ ያፈጠነህ ያ አንድ ጨዋታ መዘጋቱ ነው። አብረኸው የጠረግሃቸው የመልእክት፣ የካሜራና የሰዓት መተግበሪያዎች ምንም አልጨመሩልህም፤ ይልቁንም ቆይተህ ስትከፍታቸው ትጠብቃለህ። ከባዱን ለይተህ ዝጋ፣ የቀሩትን ተዋቸው።

ነፃ ራም ብሎ የሚያሳይህን ቁጥር በተመለከተ፣ ባዶ የተቀመጠ ራም ምንም አያገለግልህም። የከፈልክበት እንዲሞላ ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል የሚያስደስተው ሲስተሙ የጫነውን ነገር ጥቅም ስለማያሳይህ ነው።

ኮምፒውተሩ ላይ ያልከው ትክክል ነው፤ ልዩነቱም እዚያ ላይ ነው። ኮምፒውተር ላይ መስኮቱን ስታሳንሰው ፕሮግራሙ ሥራውን ይቀጥላል። የስልክ ሲስተሞች ግን ሲታሰቡ ጀምሮ በትንሽ ባትሪና በትንሽ ራም እንዲኖሩ ስለተሠሩ፣ ከዓይን የራቀ መተግበሪያ እንዲቆም ነው ሕጉ። እ.ኤ.አ. በ2015 አንድሮይድ 6 ስልኩ ሳይነካ ሲቀመጥ መተግበሪያዎችን የሚያስተኛ ሥርዓት አመጣ፤ በ2017 አንድሮይድ 8 ከጀርባ መሥራትን ገደበ፤ በ2018 አንድሮይድ 9 ደግሞ እያንዳንዱን መተግበሪያ እንደ አጠቃቀምህ በደረጃ መመደብ ጀመረ። ከኮምፒውተር ያመጣነው ልማድ ስልክ ላይ ብዙም የማይሠራው ለዚህ ነው።

ጠጋኙ_ከመርካቶ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:10

ሁለቱንም ወገን አንብቤአለሁ። እኔ ስልክ እጠግናለሁ፤ «ዘገየብኝ» ተብሎ የሚመጣልኝን ስልክ ስከፍት መጀመሪያ የማየው ራሙን አይደለም። እህቴ፣ 32 ጊጋባይት ነው ያልሽው። ስንት ነፃ ቦታ ቀርቶሻል? ይህን ሳልሰማ በርግጠኝነት መናገር አልችልም፤ ነገር ግን የስልክ ማውጫ ለመክፈት የሚያቅተው ስልክ አብዛኛውን ጊዜ ማከማቻው እስከ አፉ የሞላ ነው።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። የስልክ ማከማቻ አዲስ ነገር የሚጽፈው በባዶ ቦታ ላይ ነው፤ አሮጌውን መጀመሪያ መደምሰስ አለበት፣ የሚደመሰሰው ደግሞ በጅምላ ነው። ባዶ ቦታ ሲበዛ ይህን ሥራ በእረፍት ጊዜው ይጨርሰዋል። ሲሞላ ግን አንድ መልእክት ለማስቀመጥ እንኳ በዚያው ሰዓት ማንሣትና መጣል፣ ማዛወርና መደምሰስ ይገባል። አንቺ ቁልፉን ተጭነሽ የምትጠብቂው ያን ነው። ርካሽ ስልኮች ላይ ያለው የማከማቻ ዓይነት ከውድ ስልኮቹ ቀርፋፋ ስለሆነ ችግሩ ጎልቶ ይታያል። ራም በመጥረግ ይህ አይነካም።

የሚሞላውን ልንገራችሁ፤ እኛ አገር በአብዛኛው ቴሌግራም ነው። ሰው አምሳ ቻናል ይከፍታል፤ ቪዲዮው፣ ፎቶው፣ የመጽሐፉ ፋይል ሁሉ ራሱን በራሱ ይወርዳል። ቴሌግራሙ ውስጥ ቅንብሮች ግቢ፣ ዳታና ማከማቻ የሚለውን ክፈቺ፣ የማከማቻ አጠቃቀም የሚለውን ተጫኚ፤ ምን ያህል እንደያዘ በክብ ሥዕል ያሳይሻል። አሥርና ከዚያ በላይ ጊጋባይት ያየሁባቸው ስልኮች ብዙ ናቸው። ያንን የወረዱ ፋይሎች መሸጎጫ ማጽዳት ውይይቶችሽን አያጠፋም፤ ፋይሎቹ ቴሌግራም ሰርቨር ላይ ስላሉ ስትፈልጊ መልሰሽ ታወርጃቸዋለሽ። ከምሥጢራዊ ውይይት የመጡ ነገሮች ብቻ አይመለሱም፤ የቻናሉ ባለቤት የሰረዘውም እንዲሁ። ከዚያ በራስ ሰር ማውረዱን አጥፊው፤ አለዚያ ተመልሶ ይሞላል።

ዋትስአፕ ግን እንደዚያ አይደለም፤ እዚያ ከስልክሽ የሰረዝሽው ፎቶ ሊጠፋ ይችላል፤ የምትፈልጊውን መጀመሪያ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጪ። ይህን ሳይነግሩ «አጽዳው» የሚሉ ሰዎች የስንቱን የሠርግ ፎቶ አስጠፍተዋል፤ በጣም ያናድደኛል።

እንደ እኔ ልምድ ከማከማቻው ቢያንስ ከአሥር አንድ እጁ ባዶ መሆን አለበት፤ አንቺ ዘንድ ወደ ሦስት ጊጋባይት መሆኑ ነው። አምስት ቢሆን ይመረጣል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12:40

እኔ አሜሪካ ነኝ፤ እዚህ ዘመዶቼ ሁሉ አይፎን ይይዛሉ፤ እናቴን ጨምሮ ሁሉም ቡና ላይ ተቀምጠው መተግበሪያ ወደ ላይ ሲወረውሩ ይውላሉ። የአይፎኑን ጉዳይ ልጨምርበት።

አይፎን ላይ ከአፕል ውጭ ያሉ መተግበሪያዎች ከጀርባ መቆየት የተፈቀደላቸው እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው የአይፎን ሲስተም፣ አይኦኤስ 4፣ ነው። ያን ጊዜውኑ የአፕል መሪ የነበረው ስቲቭ ጆብስ ለአንድ ደንበኛ በኢሜይል ሲመልስ መተግበሪያ መዝጋት አያስፈልግም ብሎ ነበር። በ2016 ደግሞ አንድ ደንበኛ በወቅቱ አፕልን ይመራ ለነበረው ለቲም ኩክ ጻፈ፤ አንተ ራስህ ትዘጋቸዋለህ ወይ፣ ለባትሪስ ይጠቅማል ወይ ብሎ። መልሱን የሰጠው የሶፍትዌሩ ኃላፊ ክሬግ ፌደሪጊ ነው፤ ለሁለቱም ጥያቄ አይደለም አለ። በዚያው ዓመት የአንድሮይዱ ኃላፊ ሂሮሺ ሎክሃይመርም ተመሳሳይ ጥያቄ ቀርቦለት እንዲያውም በጥቂቱ ሊያባብስ ይችላል ብሎ መልሷል። ሲስተሙን የሠሩት ሰዎች፣ ያውም ተፎካካሪዎች ሆነው፣ አንድ ነገር ሲናገሩ መስማት ተገቢ ይመስለኛል። አፕል እስከ ዛሬ የሚለው መተግበሪያው አልሰማም ብሎ ቀጥ ሲል ብቻ ዝጉት ነው።

አይፎን ላይ ሌላ መዘዝም አለው፤ ወደ ላይ ጥለህ የዘጋኸው መተግበሪያ አንተ ራስህ እስክትከፍተው ድረስ ከጀርባ ራሱን ማደስ ያቆማል።

ስልኩ በእውነት ከዘገየ ባትሪውን እዩ። በ2017 መጨረሻ አፕል የባትሪያቸው አቅም የደከመ አይፎኖችን ፍጥነት በሶፍትዌር እንደሚቀንስ አመነ፤ ስልኩ በድንገት እንዳይጠፋ ነው የሚል ምክንያት ሰጠ። ሰው ሁሉ ተቆጣ፤ የባትሪ መቀየሪያውን ዋጋ ከ79 ዶላር ወደ 29 ዶላር አወረዱት። ባትሪውን ሲቀይሩ ፍጥነቱ ይመለስ ነበር። ያን ያህል ዓመት መተግበሪያ ሲጠርግ የኖረ ሰው ችግሩ የነበረው ሌላ ቦታ ነው።

ጠጋኙ_ከመርካቶ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:15

ስለ ባትሪ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው እውነት ነው። ባትሪ ሲያረጅ ውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ይጨምራል፤ ስልኩ በድንገት ብዙ ኃይል ሲጠይቅ ቮልቴጁ ይወርዳል። 30 በመቶ እያሳየ የሚጠፋ ስልክ እንዲህ ያለ ነው። ሲገዛ ግን ጥራት ያለው ባትሪ መሆን አለበት፤ በርካሹ የገባ ባትሪ ሲያብጥ አይቻለሁ፤ ያበጠን ባትሪ ደግሞ ቤት ውስጥ ማቆየት አደገኛ ነው።

የኮምቦልቻ_እናት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:30

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የገጠመኝን ልናገር፣ ምናልባት ለሌላ ሰው ይጠቅማል። የሶላት ሰዓት የሚያስታውስ መተግበሪያ አለኝ። አዲስ ስልክ ከገዛሁ በኋላ የሱብሂ አዛን አንዳንድ ቀን ይሰማል፣ አንዳንድ ቀን አይሰማም። ልጄ መተግበሪያውን አጥፍታ ሁለት ጊዜ ጫነችው፤ ያው ነው። በኋላ ያስተዋልነው ማታ ከመተኛቴ በፊት «ሁሉንም አጽዳ» ያልኩ ቀን ነው የማይሰማው። ስልኩ ከጀርባ ያሉትን መዝጋት ይገባል እየተባለ የተነገረን ስለሆነ እንደ ጥሩ ልማድ ነበር የያዝኩት። ለምን እንዲህ ይሆናል?

ኮድ_ጸሐፊ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:20

እናቴ፣ ያስተዋሉት ነገር በጣም ትክክል ነው፤ ለእርስዎ የማልሰንፍበት ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው መተግበሪያውን የሠራውን ይወቅሳል፤ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ቅሬታም በአብዛኛው ይኸው ነው።

ጉግል በሚያወጣው አንድሮይድ ላይ ከዝርዝሩ ማስወገድ ማለት መተግበሪያውን ከራም ማስወጣት ብቻ ነው። ቀድሞ ያስያዘው የማንቂያ ሰዓት ሲስተሙ ዘንድ ስለተመዘገበ ሰዓቱ ሲደርስ ሲስተሙ ይቀሰቅሰዋል። በቅንብሮች ውስጥ ያለው በኃይል የሚያስቆመው ቁልፍ ግን ከዚህ ይለያል፤ እሱን ሲጫኑ የተያዙት ሰዓቶች ሁሉ ይሰረዛሉ፣ እርስዎ ራስዎ እስኪከፍቱት ድረስም ምንም ነገር አይቀሰቅሰውም። አንዳንድ የስልክ አምራቾች ባትሪ ይቆጥባል በሚል «ሁሉንም አጽዳ» የሚለውን ከዚህ ከሁለተኛው ጋር እኩል አድርገውታል። እርስዎ ዘንድ የሆነው እንደዚያ ይመስላል።

ማድረግ ያለብዎት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በዝርዝሩ ላይ የሶላቱን መተግበሪያ ሥዕል ተጭነው ሲይዙት ወይም ወደ ታች ሲጎትቱት የጓጉንቸር ምልክት የሚያወጡ ስልኮች አሉ፤ ከተቆለፈ ጽዳቱ አይነካውም። ሁለተኛ፣ በቅንብሮች ውስጥ መተግበሪያዎች የሚለውን ከፍተው የሶላቱን ይምረጡ፤ ባትሪ የሚለው ክፍል ላይ «ያልተገደበ» የሚል ምርጫ አለ፣ እሱን ያብሩ። ልጅዎ ታግዝዎታለች። ከሁሉ የሚሻለው ግን ማታ ማታ ጽዳቱን መተው ነው።

ሹፌር_ከሳሪስ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:50

እኔ ደግሞ በመተግበሪያ ጥሪ የምሠራ ሹፌር ነኝ። የጥሪው መተግበሪያና ካርታው ቀኑን ሙሉ ክፍት ናቸው። ከሰዓት በኋላ ስልኩ እሳት ይሆናል፣ ካርታው ይቆማል፣ ጥሪ ሲመጣ ለመቀበል ስጫን ዘግይቶ ለሌላ ሰው ያልፋል። ይህ ገንዘብ ነው። ካርታውን ስዘጋው ይቀላል። ስለዚህ «መዝጋት ምንም አይጠቅምም» የሚለው ለእኔ አይሠራም።

ኮድ_ጸሐፊ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:30

ወንድሜ፣ አንተ ዘንድ መዝጋት በእርግጥ ይጠቅማል። ካርታ መንገድ እየመራ ሳለ ከዓይንህ ቢጠፋም አይተኛም፤ በሳተላይት ቦታህን ይከታተላል፣ ድምፅ ያወጣል፣ ዳታ ይጠቀማል። ይህን የመሰለ መተግበሪያ እየሠራ እስካለ ድረስ ከላይ የማሳወቂያ ምልክት እንዲያሳይ አንድሮይድ ያስገድደዋል። መለያው ያ ነው፤ ማሳወቂያውን ወደ ታች ስብና በሥራ ላይ መሆኑን የሚናገር ነገር ካለ ያ መተግበሪያ በእውነት እየሠራ ነው። ካርታ፣ ሙዚቃ፣ ቪፒኤን፣ ዋይፋይ ማጋራት እንዲህ ናቸው። የማትፈልገውን ከዚያው አቁመው። የጥሪውን መተግበሪያ ግን ለእናታችን እንደነገርኳቸው «ያልተገደበ» አድርገው፤ አለዚያ ስልኩ ራሱ ያስተኛብሃል፣ ጥሪም ያመልጥሃል።

ሌላም እውነተኛ ሁኔታ አለ፤ ስህተት ያለበት መተግበሪያ። እ.ኤ.አ. በ2015 መጸው ወራት የፌስቡክ የአይፎን መተግበሪያ ከጀርባ ሆኖ ባትሪ ሲጨርስ ተገኘ፤ ኩባንያው ራሱ ስህተቱን አምኖ አስተካከለ። እስኪስተካከል ድረስ መዝጋቱ ይረዳ ነበር። ቅንብሮች ውስጥ የባትሪ አጠቃቀምን ከፍታችሁ ሳትጠቀሙበት ከላይ የተቀመጠ መተግበሪያ ካያችሁ ያንን አንዱን አስቁሙት፤ አዲስ ስሪት ካለ ጫኑ፣ ከሌለ አስወግዱት።

ከሪያድ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 8:05

ለሹፌሩ ወንድማችን፣ ሙቀቱን አትናቅ። እኔ ሳዑዲ ነው የምኖረው፤ በበጋ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። አፕል እንኳ አይፎን የሚሠራበት የአካባቢ ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ነው ይላል። ሲግል ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነት ይቀንሳል፣ የማያ ገጹ ብርሃን ይደበዝዛል፣ ባትሪ መሙላትም ያቆማል። ስልኩን ከመስታወቱ ሥር ከፀሐይ አንሥተህ የአየር መውጫው አጠገብ ስቀለው፤ ሽፋኑን አውልቅለት፣ ካርታ እየመራህ ቻርጅ ከማድረግም ብትችል ተቆጠብ። እኔ መኪናዬ ውስጥ ለውጡን ያየሁት በዚህ ነው።

ሁልጊዜ_ንጹሕ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:00

እሺ፣ ለምሳሌ ስልክ የሚያፋጥኑ የጽዳት መተግበሪያዎችስ? እኔ አንድ አለኝ፤ ቫይረስም ያጠፋል ይላል።

ጠጋኙ_ከመርካቶ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:12

ወንድሜ፣ አስወግደው። ዛሬውኑ። ሱቄ የሚመጡ ስልኮች ላይ ከራሳቸው የጽዳት መተግበሪያዎች የባሰ ጥፋተኛ ብዙ ጊዜ አላገኝም። ሌላውን ከጀርባ እንዳይሠራ እዘጋለሁ የሚለው መተግበሪያ ራሱ ሌት ተቀን ከጀርባ ይሠራል፣ ማስታወቂያ ያመጣል፣ «ስልክዎ በአደጋ ላይ ነው» እያለ አሮጊትና ሽማግሌ ያስደነግጣል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ጉግል ወደ 600 የሚጠጉ መተግበሪያዎችን በሚያውኩ ማስታወቂያዎች ምክንያት ከመደብሩ በአንድ ጊዜ አባርሯል፤ ታዋቂ የጽዳት መተግበሪያ የሚሠራ ኩባንያም ከተባረሩት መካከል ነበር። ሰው ስልኩ እንዲፈጥንለት ብሎ አምኖ የጫነው ነገር ሲዘርፈው ማየት ያሳዝናል። ኮድ ጸሐፊ እንዳለው በአንድሮይድ 14 ላይ ደግሞ የሌላውን መተግበሪያ የማስወጣቱ መንገድ ስለተዘጋ፣ «2 ጊጋባይት አጸዳሁልህ» የሚለውን ማመን አያስፈልግም።

የአዳማዋ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 2:20

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጠጋኙ እንዳሉኝ ማከማቻውን አየሁት፤ ነፃ የቀረኝ አንድ ጊጋባይት እንኳ አልሞላም። ቴሌግራም ብቻውን ከ9 ጊጋባይት በላይ ይዟል። አጸዳሁት፣ በራስ ሰር ማውረዱንም አጠፋሁ፣ ስልኩን አጥፍቼ አበራሁ። የስልክ ማውጫው አሁን ወዲያው ይከፈታል፤ ካሜራውም እንዲሁ። ለባልደረባዬ አሳይቻት የእሷንም አጽድተናል።

የባንኩ ነገር ግን አልፎ አልፎ አሁንም ያጋጥመኛል። ደግሞ ቅንብሮቹ ውስጥ ራም ማስፋፊያ የሚል አገኘሁ፤ 2 ጊጋባይት ልጨምርልሽ ይላል። ላብራው?

ኮድ_ጸሐፊ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 3:00

እንኳን ደስ አለሽ። ራም ማስፋፊያው አዲስ ራም አያመጣም፤ ከማከማቻሽ ቆርሶ እንደ ራም ይጠቀምበታል። ማከማቻ ከራም እጅግ ቀርፋፋ ነው፤ አንቺ ደግሞ ቦታውን በስንት ጥረት አሁን ነው ያስለቀቅሽው። 128 ጊጋባይት ያለው ሰው ቢሞክረው ጉዳት የለውም፤ መተግበሪያዎች ትንሽ ረዘም ላለ ጊዜ ሳይወጡ ሊቆዩለት ይችላሉ። በ32 ጊጋባይት ስልክ ላይ ግን አጥፍተሽ ተዪው።

የባንኩን እንዲህ አድርጊ። ከመተግበሪያው አትውጪ። መልእክቱ ሲመጣ ከላይ ማሳወቂያውን ወደ ታች ስበሽ ቁጥሩን እዚያው አንብቢና መልሰሽ ግፊው፤ እንደዚያ ስታደርጊ የባንኩ መተግበሪያ ከፊት አልለቀቀምና ሲስተሙ አያስወጣውም። አንዳንድ ስልኮች ላይ ቁጥሩ የቁልፍ ሰሌዳው ላይ ብቅ ይላል፤ ከመጣልሽ እሱን መንካት ብቻ ነው። ገንዘብ ከመላክሽ በፊት ቪዲዮ ወይም ጨዋታ ከፍተሽ ከነበረ ያንን አንዱን ዝጊው፤ በ3 ጊጋባይት ስልክ ላይ ይህ ይረዳል። ይህን ሁሉ አድርገሽ ገና ከእጅሽ ሳይወጣ ወደ መግቢያው ከመለሰሽ ግን የራም ጉዳይ አይደለም፤ ባንኮች ለደኅንነት ሲሉ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ራሳቸው ያስወጣሉ፤ ያንን ማስተካከል የሚችለው ባንኩ ብቻ ነው፣ ለደንበኞች አገልግሎቱ ንገሪያቸው።

ጠጋኙ_ከመርካቶ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 3:18

ከወር በኋላ ማከማቻውን መልሰሽ እዪው። ቴሌግራሙ ውስጥ ፋይሎችን ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያቆይ የሚመረጥበት ቦታ አለ፤ ለአንድ ሳምንት ወይም ለአንድ ወር ብታደርጊው ራሱ እያጸዳ ይሄዳል።